የራስን የሕይወት ታሪክ በትንሽ ቡድን መጻፍና ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንዲህ ያለ ቡድን ለመጀመር ወይም ለመቀላቀል ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ቡድኑ ተሰብስቦ የሚሠራው ምንድን ነው?

ጥቂት ሰዎች በየጊዜው ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ከገዛ ሕይወቱ የጻፈውን አንድ አጭር ታሪክ ይዞ ይመጣል። ተራ በተራ ይነበባል፣ ይደመጣል፣ አጠር ያለ አስተያየት ይሰጣል። ለሚቀጥለው ጊዜ ርዕስ ይመረጥና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የልብ ወለድ ትምህርት ቤት አይደለም። ከልደት እስከ ዛሬ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል መዘርዘርም ግዴታ የለበትም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ያን ጊዜ አዛውንቶች ያለፈውን ደጋግመው ሲያነሱ እንደ መጃጀት ይቆጠርባቸው ነበር። እሱ ግን ሕይወትን መለስ ብሎ መቃኘት ተፈጥሯዊና ጠቃሚ ነገር ነው ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የእርጅና ተመራማሪ ጄምስ ቢረን ይህን ወደ ቡድን ሥራ አመጣው። ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ርዕስ ይሰጣል፣ ሁለት ገጽ ያህል ይጻፋል፣ ከዚያ በትንሽ ቡድን ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዛሬ በየቦታው የሚሠራበት መንገድ በአብዛኛው የዚህ ዘር ነው።

ሕይወቴ ተራ ነው። ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ?

ይህን ሳይል ቡድን የገባ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ያዩ፣ ብዙ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው ደግሞ አብዝተው የሚሉት። ሰሚን የሚይዘው ዝርዝሩ ነው። ሦስት አገር የኖረ ሰው የአገሮቹን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ከደረደረ ሁሉም ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። በተውሶ ጫማ የመጀመሪያ የሥራ ቀኑን የዋለ ሰው፣ ጫማው ተረከዙን እንዴት እንደላጠውና አለቃው ፊት እንዴት ላለማነከስ እንደታገለ ሲያነብ ግን የሚንቀሳቀስ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ «ምን ትልቅ ነገር ደረሰብኝ?» ብላችሁ አትነሱ። «እስካሁን ዓይኔ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይናችሁ ላይ የቀረው በምክንያት ነው። ምክንያቱን አሁን ማወቅ የለባችሁም፤ ብዙ ጊዜ ሲጻፍ ነው የሚገለጠው።

ጽሑፍ አልችልም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ። ልግባ?

ግቡ። ጽሑፉ የሚነበበው በእናንተው አፍ ስለሆነ የፊደሉን ስሕተት የሚያየው ሰው የለም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው በስልኩ ድምፁን ቀድቶ ሌላ ሰው ሊገለብጥለት ይችላል። ቋንቋም ቢሆን ትዝታው በመጣበት ቋንቋ ይሁን፤ የአያት ንግግር በሌላ ቋንቋ ከሆነ ንግግሩን እንዳለ አስቀምጣችሁ ትርጉሙን ማስከተል ነው።

ስንት ሰው ይሁን? በየስንት ጊዜ እንገናኝ?

ከአምስት እስከ ስምንት። እኔ ስድስትን እመርጣለሁ። ሒሳቡን እንሥራው፦ ለአንድ ሰው ከንባብ እስከ አስተያየት አሥራ አምስት ደቂቃ ብንይዝ ስድስት ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ዕረፍትና የርዕስ መረጣ ሲጨመር ሁለት ሰዓት ሞላ። አሥር ሰው ከሆነ ንባቡ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሥረኛው ሰው የሚያነበው ለደከመ ጆሮ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ በደል ነው። ከአምስት ካነሰ አንድ ሁለት ሰው በቀረ ቁጥር ስብሰባው ይፈርሳል።

በየሁለት ሳምንቱ መገናኘት ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ለመጻፍ ጊዜ ያጥራል፣ በየወሩ ከሆነ ደግሞ ክሩ ይበጠሳል። መጀመሪያውኑ ለስምንት ወይም ለአሥር ስብሰባ ብቻ ተስማሙ። ያ ሲያልቅ መቀጠል የፈለገ ይቀጥላል፣ መውጣት የፈለገም ማንንም ሳያስቀይም ይወጣል። መሀል ላይ አዲስ ሰው አታስገቡ። የቀደሙትን ታሪኮች ያልሰማ ሰው ሲመጣ ሌሎቹ እንደገና ይቆጠባሉ።

ከየት ልጀምር?

ከመወለዳችሁ አትጀምሩ። ስለ ልደታችሁ የምታውቁት ሌሎች የነገሯችሁን ነው። የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ትዝታ ከሦስት ዓመት ዕድሜ ወዲህ ያለ ነው። ከአርባ ዓመት ያለፉ ሰዎች ትዝታቸውን ሲጠየቁ ደግሞ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው መካከል የሆነውን ከሌላው አብልጠው እንደሚያነሱ ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል። ብዙ «የመጀመሪያ ጊዜ» የሚሰበሰበው እዚያ ላይ ነው። ርዕስ ቢጠፋችሁ እዚያ ዕድሜ ላይ ፈልጉ።

ቢረን የሚሰጣቸው ርዕሶች የሕይወትን አቅጣጫ የቀየሩ መታጠፊያዎች፣ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ገንዘብ፣ ጤናና አካል፣ ሞት፣ እምነትና የመሳሰሉት ነበሩ። ርዕሶቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን ሰፊ ናቸው። «ገንዘብ» ተብሎ የተሰጠው ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሐተታ ይጽፋል። «በእጄ የያዝኩት የመጀመሪያ ገንዘብ» የተባለው ግን ወዲያው አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው ትዝ ይለዋል። ርዕሱን እንዲህ አጥብቡት። መልስ ያልሰጠሁበት ደብዳቤ። ዳግመኛ ያልገባሁበት ቤት። ይቅርታ ያልጠየቅሁት ሰው።

ከዚያ ትዕይንቱን ጻፉ። የማንንም ታሪክ ላለማውጣት ፈጥሬ የማስቀምጠው ምሳሌ ነው። አንዲት ሴት «አባቴ ኃይለኛ ነበር፤ በጣም እንፈራው ነበር» ብላ ጻፈች እንበል። እውነት ነው፣ ግን ማናችንም ምንም አላየንም። በሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ አለች፦ «ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር እንሰማለን። ወንድሜ ሬዲዮውን ያጠፋል። እህቴ መጽሐፍ አንስታ ትገልጣለች፣ የያዘችው ግን ተዘቅዝቆ ነው። እኔ የታጠበ ሰሃን እንደገና ማጠብ እጀምራለሁ።» ፍርሃት የሚለው ቃል የለም፤ ቤቱ ውስጥ ግን ገብተናል።

ምን ያህል ልጻፍ?

ሁለት ገጽ ይበቃል። ሲነበብ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ቤታችሁ ሆናችሁ ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከረዘመ መጀመሪያ የምትቆርጡት የመግቢያውን አንቀጽ ይሁን። ብዙዎቻችን ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ አንቀጽ ያህል እንንደረደራለን። ታሪኩ እዚያ ላይ አልተጀመረም።

ለምን ጮክ ተብሎ ይነበባል? ወረቀቱን ማከፋፈል አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ወረቀት እጁ የገባ ሰው እስክሪብቶ ያነሳል። ነጠላ ሰረዝ ያስተካክላል፣ ቃል ያሰምርበታል፣ ሳያስበው አራሚ ይሆናል። ጆሮውን ብቻ የሰጠ ሰው ግን ከታሪኩ ጋር ይሄዳል።

ለጸሐፊውም ይጠቅመዋል። የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ምላስ ላይ ይያዛል። ቤት ውስጥ «ይህ ቀልድ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁት መስመር ላይ ድምፃችሁ ሲሻክር ነገሩ ቀልድ እንዳልነበረ እዚያው ታውቁታላችሁ። ይህን ወረቀት ብቻውን አይነግራችሁም። ማንበብ ፈጽሞ ያቃተው ሰው አስቀድሞ ሌላ አባል እንዲያነብለት ይጠይቅ፤ የራስን ታሪክ በሌላ ሰው ድምፅ መስማትም የራሱ ጥቅም አለው።

አንድ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ምን ይባላል?

መጀመሪያ ምንም አይባል። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ለመሙላት ያጣድፋል፣ ግን ታገሡት። ከዚያ አመስግኑ። ቀጥሎ ጆሯችሁ ላይ የቀረውን በጸሐፊዋ ቃል መልሳችሁ ንገሯት። «ደስ ይላል፣ ጥሩ ነው» ምንም አይጠቅማትም። «የታጠበውን ሰሃን እንደገና ስታጥቢ የሚለው አልለቀቀኝም» ብትሏት ግን የቱ ጋ እንደደረሰች ታውቃለች። ከዚያ ጥያቄ ይከተላል፤ መልስ የማያስገድድ፣ የማይመራ ጥያቄ። «ሬዲዮው ያን ጊዜ ምን እያለ ነበር?» የሚል ጥያቄ ለሚቀጥለው ረቂቅ አንድ ገጽ ሊያስገኝ ይችላል።

የሚጎዱትም ይታወቃሉ። አንዱ ምክር ነው፦ «ይቅር ብትይው ይሻልሽ ነበር።» ሌላው ፍርድ ነው፦ «አባትሽማ ክፉ ነው።» እሷ ልትለው ትችላለች፣ እኛ ግን አንልም። ሦስተኛው «ሁሉም ለበጎ ነው፣ አይዞሽ» የሚለው ነው። ከደግ ልብ ይወጣል፤ ሰሚው ያልቻለውን ሕመም ቶሎ ለመክደን ይውላል። «የዚያን ዘመን አባቶች እኮ እንዲህ ነበሩ፣ ስለሚወዱን ነው» የሚለውም ከዚሁ ይመደባል። ይህን የሰማች ጸሐፊ ቀጣዩን ጽሑፏን አለስልሳ ይዛ ትመጣለች። ቡድኑ በአንዲት ዓረፍተ ነገር እውነቷን አሳጣት ማለት ነው።

«እኔም እንዲሁ ደርሶብኛል» የሚለውስ? መቀራረብን ያሳያል፣ እውነት ነው። ችግሩ ጨዋታውን ይወስዳል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁላችንም ስለ ሌላ አባት እያወራን እንገኛለን። የራሳችሁ ታሪክ ከተቀሰቀሰ ማስታወሻ ያዙና ለሚቀጥለው ጊዜ ጻፉት። ለዚህ ነው የተሰበሰብነው።

አንዳንድ ቡድኖች ስለ ጽሑፉ ሲነጋገሩ «አንቺ» ከማለት ይልቅ «ተራኪዋ» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሠራሽ ይመስላል። ከባድ ታሪክ ሲነበብ ግን ስለ ጽሑፉ መናገር ስለ ሴትዮዋ ከመናገር የተለየ መሆኑን ያስታውሳል። እኔ ሞክሩት እላለሁ።

እያነበብኩ ባለቅስስ?

ያጋጥማል። ሌሎቹ አይሩጡባችሁ፣ መሀረብ አይወርውሩ፣ አይቀፉ። ዝም ብለው ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ አንባቢው ትንፋሹን ሰብስቦ መቀጠል ነው የሚፈልገው። የሰው እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ግን ንባቡ ይቆማል፣ ታሪኩም ሳያልቅ ይቀራል። ቡድኑ ከመጀመሪያው ቀን «ልቀጥል» ወይም «ይብቃኝ» የሚለው አንባቢው ብቻ ነው ብሎ ይስማማ። እንባ እንደሚመጣ ካወቃችሁ ያን አንቀጽ ቤት ውስጥ ለብቻችሁ ደጋግማችሁ አንብቡት።

ይህ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው?

አይደለም፤ እንደ ሕክምና መያዝም የለበትም። መጻፍ ለጤና ይጠቅማል የሚለው አባባል ሥር አለው። ጄምስ ፔነቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች በአራት ተከታታይ ምሽቶች በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ጻፉ። ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ 146 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ደግሞ ጥቅሙ እንዳለ፣ ግን በአማካይ ትንሽ እንደሆነ አሳይቷል።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ተማሪዎች የጻፉትን ለቡድን አላነበቡም። ለራስ መጻፍና ለሰው ማንበብ የተለያየ ነገር ነው። እንቅልፍ የነሳችሁ፣ ቀን ሥራ የሚያስፈታችሁ ነገር ካለ መጀመሪያ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ለቡድን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ነገ ጠዋት ስነቃ እነዚህ ሰዎች ይህን ማወቃቸው ምን ይሰማኛል? መልሱ ካስፈራችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡት። የጻፋችሁትን ሁሉ የማንበብ ዕዳ የለባችሁም።

በትክክል አላስታውስም። ከተሳሳትኩስ?

በርግጥ ትሳሳታላችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው ሰው የሰማውን ታሪክ መልሶ ሲናገር ያሳጥረዋል፣ እንግዳ የሆነበትን ክፍል በለመደው ይተካዋል። እርግጠኝነትም ዋስትና አይሆንም። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 1986 በፈነዳች ማግስት ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኡልሪክ ናይሰር ተማሪዎቹን ወሬውን የትና እንዴት እንደሰሙ አጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ ያንኑ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ጠቀሱ። በመልሳቸው ግን ይተማመኑ ነበር።

እንግዲህ ምን ይሻላል? «ትዝ የሚለኝ እንዲህ ነው»፣ «ይመስለኛል» የሚሉትን ቃላት አትፍሩ። የጥንት ንግግር ስትጽፉ ቃል በቃል መሆኑን ማንም አይጠብቅም፤ የሰውየው አነጋገር ግን ይታይ። የማታስታውሱትን አትፍጠሩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳትጨርሱ እህት ወንድም አትጠይቁ፣ የእነሱ ትዝታ በእናንተው ላይ ይጻፋልና። ከጨረሳችሁ በኋላ ጠይቁ፣ ፎቶ አውጡ፣ ደብዳቤ ፈልጉ። ልዩነቱ ራሱ ጥሩ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ቡድኑም ድርሻ አለው። ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም ላዩ ሰዎች ጥያቄ አቀረቡ። መኪኖቹ «ሲነካኩ» ብለው የተጠየቁትና «ሲላተሙ» ብለው የተጠየቁት ስለ ፍጥነቱ የሰጡት ግምት ተለያየ፤ በጠንካራው ቃል የተጠየቁት ከፍ ያለ ፍጥነት ገመቱ። ስለዚህ «ፈርተሽ ነበር አይደል?» አይባልም። «ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?» ይባላል።

ስለ ቤተሰቤና ስለማውቃቸው ሰዎች መጻፍ እችላለሁ?

ያለ ሌላ ሰው ታሪክ የለንም። ግን ሦስት ደረጃ ለዩ፦ ለራስ መጻፍ፣ ለቡድን ማንበብ፣ ከዚያ ውጪ ማሠራጨት። የመጀመሪያው ላይ ነፃ ናችሁ። ሁለተኛው ላይ ተጠንቀቁ። ሦስተኛው ላይ የሚመለከተውን ሰው ጠይቁ።

ስም መቀየር ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል አይከልልም። አንድ ወንድም ብቻ ያላት ሴት ስሙን ብትቀይረው ማን እንደሆነ የማይለይ አባል የለም። የሌላ ሰው የጤና ሁኔታ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የተደበቀ ትዳር፣ በሕግ የሚያስጠይቅ ድርጊት፣ እነዚህ ሲወጡ የሚጎዱት እዚያ ክፍል ውስጥ የሌለ ሰው ነው። የእናንተን ወገን ጻፉ፦ ምን አየሁ፣ ምን ገመትኩ፣ ማወቄ ምን አደረገኝ። የእሱን ምስጢር ሳታወጡ ምስጢሩ በእናንተ ላይ የጣለውን ሸክም መጻፍ ይቻላል። ስለ ትንሽ ልጃችሁ ስትጽፉ ደግሞ ሃያ ዓመት ሲሞላው አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚሰማ አድርጋችሁ አስቡ።

የተነበበው ከቡድኑ እንዳይወጣ ምን እናድርግ?

«ምስጢር እንጠብቃለን» ብሎ መስማማት ብቻውን ከንቱ ነው። ሁሉም ሰው የራሱ ትርጉም አለው። በዝርዝር ተነጋገሩ። ቤት ገብቼ እኔ የጻፍኩትንና የተሰማኝን መናገር እችላለሁ። ሌላው የጻፈውን ግን ስም ሳልጠራም ቢሆን አልናገርም። የትዳር ጓደኛም ውጪ ሰው ነው። ድምፅ አይቀዳም፣ ወረቀት በስልክ አይነሳም። በቪዲዮ የምትገናኙ ከሆነ እያንዳንዱ በር ዘግቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይቀመጥ። የቴሌግራም ግሩፕ ለቀጠሮ ብቻ ይሁን፤ አንዴ የተላከ ጽሑፍ በአንዲት ፎርዋርድ ከእጅ ይወጣል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የሰማችሁትን ታሪክ ባለቤቷ ራሷ ካልጀመረች መንገድ ላይ አግኝታችሁ አታንሱባት። ማክሰኞ ማታ ያነበበችው፣ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ባልደረባ ጋር ቆማ «ያ የአባትሽ ነገር እኮ...» ስትባል ምን ሊሰማት እንደሚችል አስቡት።

አንድ ሰው ሁልጊዜ ሰዓቱን ይበላል። ሌላው ደግሞ ጽፎ አይመጣም። ምን እናድርግ?

ሰዓት የሚይዝ ሰው ይኑር፤ በየስብሰባው ይቀያየር። ሰዓቱ ሲደወል የሚያቋርጠው ስልኩ ስለሚሆን ቂም አይያዝም። ካልተስተካከለ አስተባባሪው ለብቻው፣ ከስብሰባ ውጪ ያነጋግረው።

ጽፎ ያልመጣ ሰው ለማዳመጥ ይምጣ፣ የማለፍ መብት አለው። እያለፈ ከቀጠለ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሁሉን ሆድ ዕቃ እያወቀ የራሱን የማያሳይ ሰው ሲኖር ሌሎቹ ቀስ በቀስ ይሸሸጋሉ። በደግነት ተነጋገሩ፤ ምናልባት ርዕሱ ከብዶት ይሆናል።

ባልና ሚስት ወይም እህትማማቾች በአንድ ቡድን ይሁኑ?

ባይሆኑ ይሻላል። እርስ በርስ ይተራረማሉ፣ ወይም ይባስ ብሎ አንዱ ለሌላው ሲል እውነቱን ይውጣል። ሌላ አማራጭ ከሌለ አንዱ ሲያነብ ሌላው አስተያየት ከመስጠት ይታቀብ። «ኧረ እንዲህ አልነበረም» ቤት ይደርሳል።

ሁለት አባላት በአንድ ክስተት በተቃራኒ ወገን የነበሩ ቢሆንስ?

ጦርነት፣ የሥልጣን ለውጥ፣ የሃይማኖት ግጭት፣ ቤተሰብ የከፈለ ክርክር። ቡድኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማስብበት ጥያቄ ይህ ነው። የሚያዋጣው መስመር «እኔ» እና «እነሱ» መካከል ነው። «በሩን ሰበሩት፣ እናቴ ከኋላዬ ነበረች፣ እጇ ይሰማኝ ነበር» የሰው ምስክርነት ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። «እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው» ግን ትዝታ አይደለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ሰው ላይ የተጣለ ፍርድ ነው። አስተባባሪው ንባቡን በእርጋታ አቁሞ ወደ ታየውና ወደተሰማው ይመልሰው።

የሚሰማው ሰው መታገሥ ካቃተው ወጣ ብሎ አየር መውሰድ ይችላል፤ እንደ ንቀት አይቆጠርበትም። ክርክር በዚያው ምሽት አይከፈት። መልስ ያለው ሰው መልሱን በሚቀጥለው ስብሰባ በራሱ ታሪክ ይዞ ይምጣ፣ እሱም እኩል ይደመጥ። ቡድኑ ታሪክ ላይ ብይን የሚሰጥ ችሎት አይደለም። በመጨረሻ ሁለቱ ላይስማሙ ይችላሉ። እንዲስማሙ መገፋትም የለባቸውም፤ የተገፋ ዕርቅ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል።

በተነበበው ውስጥ አሁን ያለ አደጋ ቢታይስ?

የምስጢር ስምምነቱ እዚህ ላይ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ያም በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይነገር። አንድ አባል ራሱን ለማጥፋት እንደሚያስብ የሚጠቁም ነገር ካነበበ «ጥሩ ተጽፏል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከስብሰባው በኋላ አንድ ሰው አብሮት ይቆይና በግልጽ ይጠይቀው፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፣ የሚያምነው ሰው ይጠራ፣ ሐኪም ወይም የድንገተኛ አገልግሎት ይደረስ።

አሁን እየተጎዳ ያለ ሕፃን ከተነሳም ዝም አይባልም። በብዙ አገሮች የተወሰኑ ባለሙያዎች ይህን ለባለሥልጣን የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። አስተባባሪው በሚኖርበት አገር ሕጉ ምን እንደሚል ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት አውቆ ይምጣ።

ጽሑፎቹ የማን ናቸው? አንድ አባል ቢሞትስ?

የጸሐፊው ናቸው። በአብዛኛው ዓለም ሕግ የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ፣ ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ የጸሐፊው ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ መሠረት ይኸው ነው። አስተያየት የሰጠ ሰው የጽሑፉ ተካፋይ አይሆንም። ቡድኑ «ሁላችንም የጻፍነውን በአንድ መጽሐፍ እናውጣው» ካለ የእያንዳንዱን ሰው የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። አንድ ሰው አልፈልግም ካለ ምክንያቱ አይጠየቅ።

ሞት ሲመጣ መብቱ ወደ ወራሾች ያልፋል። የበርን ስምምነት ባጠቃላይ ቢያንስ ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ብዙ አገሮች ይህን 70 አድርገውታል። ከሕጉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የሐዘኑ ሰሞን የሚመጣው ጥያቄ ነው። ልጆች «እናታችን እናንተ ጋ የጻፈችው ሁሉ ይሰጠን» ይላሉ። እሷ ግን አንዳንዱን ልጆቿ እንዳይሰሙት ብላ ይሆናል ለቡድን ብቻ ያነበበችው። መፍትሔው በሕይወት እያሉ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየጽሑፉ አናት ላይ በእጁ አንድ መስመር ይጻፍ፦ «ለቤተሰብ ይሰጥ»፣ «ለቡድን ብቻ»፣ ወይም «ይወገድ»። ዋናው ቅጂ ጸሐፊው ቤት ይቀመጥ፣ ቡድኑ የማንንም ጽሑፍ አያስቀር። ይህ መስመር ሳይጻፍ የቀረ ከሆነና ቤተሰቡ ከጠየቀ፣ አባላት የሰሙትን ከቃላቸው አይደግሙ፤ የጽሑፎቹ ዋና ቅጂ እናታቸው ዘንድ እንደነበረ ነግረው እዚያ እንዲፈልጉ ያመልክቱ።